ባሕር ዳርን በፎቶ፦ የጣና ዳር ብርሃን፣ ቦታና የካሜራ ቅንብር

ጣናዳር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት የከተማችንን የዘወትር ገጽታ ለሚያነሱ ሰዎች የሚጠቅም እውቀት አንድ ቦታ ላይ እንዲሰበሰብ ብዬ ነው። እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳ፣ ዓሣ የሚበልቱ ልጆች፣ ዘንባባ ሥር የቆመ ባጃጅ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሐይቁ ዳር ሻይ ይዘው የሚጫወቱ ሽማግሌዎች። ሁሉም የሚያውቀውን ይጨምር፣ ያልተስማማውን ይከራከር።

እኔ ከፀሐይ አቅጣጫ ልጀምር። እዚህ ከተማ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው በዚህ ነው። ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዳሩ ላይ ቆመህ ውሃውን ስታይ ፊትህ ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ በቀኝህ ወይም ከኋላህ፣ ከየብሱ በኩል ትወጣለች፤ ማታ በግራህ ትገባለች። ብዙ ሰው "በንጋት ታንኳውን ጥቁር፣ ሰማዩን ቀይ አድርጌ ላንሳ" ብሎ ገና ሳይነጋ ይወጣና ያሰበውን ያጣል። ታንኳዎቹ የሚመጡት ከዘጌና ከምዕራቡ ዳር ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊታቸው ነው የምትወጣው። አንተ ከከተማው ዳር ስታያቸው የበራ ፊት፣ የበራ እንጨት፣ ወርቅማ የሆነ ደንገል ነው የምታገኘው። እሱም እጅግ ያምራል፣ ግን ሲልዌት፣ ማለትም ብሩህ ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ቅርጽ፣ አይደለም።

ሲልዌት የፈለገ ወይ ጎህ ሳይቀድ በጀልባ ወጥቶ ከታንኳዎቹ በስተ ምዕራብ ይቁምና ፊቱን ወደ ከተማው ያዙር፣ ወይ ማታውን ይጠብቅ። ማታው ደግሞ በወር ይለያያል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትገባው ከቀጥታው ምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው፤ ይህም ወደ ውሃው ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በዚያው ልክ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያን ጊዜ ከቤትና ከዛፍ ጀርባ ትገባብሃለች። ክረምቱ ሳይጠነክር ያለው ጊዜ፣ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ መግቢያ፣ ውሃ ላይ የምትገባ ፀሐይ ለማንሳት ከሁሉም ይሻላል። ደመናውም ያኔ ቁርጥራጭ ስለሆነ ቀለም ይይዛል።

ሰዓቱን ልብ በሉ። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡08 ገደማ ሲሆን የምትገባው ማታ 12፡56 አካባቢ ነው። በታኅሣሥ መውጫዋ 12፡45፣ መግቢያዋ 12፡11 ገደማ ነው። ፀሐይዋ እኛ ዘንድ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን የሚቆየው 25 ደቂቃ፣ ቢበዛ 30 ነው። ስለዚህ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው።

ለሲልዌት ብርሃኑን የምትለካው ከፀሐይዋ አጠገብ ካለው ሰማይ ነው፤ ኮምፐንሴሽን (ካሜራው ከለካው ብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ) ከማይነስ 1 እስከ ማይነስ 1.5፣ ኤፍ/8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ 1/500 (ሹተሩ የሚከፈትበት የሰከንድ ክፍልፋይ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 100 ወይም 200። ካሜራውን ወደ ውሃው በጣም ዝቅ አድርግ። ከፍ ብለህ ስታነሳ የቀዛፊው ጭንቅላት ከጥቁሩ ውሃ ጋር ይዋሃዳል፤ ዝቅ ስትል ግን ሰውየው ከአድማሱ በላይ ሰማይ ላይ ይወጣል። የምትጫነው መቅዘፊያው ከውሃ ወጥቶ፣ ከሰውነቱ ርቆ፣ ጫፉ ሲንጠባጠብ ነው።

ቆረሶ

ጣናዳር ጥሩ ጀምረኸዋል። እኔ የዓሣ ማውረጃውን ልያዝ።

መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሳ እዚያ ሥራ የሚበዛው በጠዋት ነው። ሆድ ዕቃውን ወደ ውሃው ሲጥሉት ፔሊካኖች ይሰበሰባሉ። ነጭ ወፍ ላይ ደግሞ ካሜራ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ የሚሳሳተው ግን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ነው። ወፏ ትንሽ ሆና ጀርባው ጥቁር ውሃ ከሆነ ካሜራው "ጨለማ ነው" ብሎ ብርሃን ይጨምራል፣ ላባው ይቃጠላል፤ ማይነስ 0.7 እስከ ማይነስ 1 ስጠው። ወፏ ተነስታ ነጣ ያለ ሰማይ ላይ ከሆነች ደግሞ "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል፣ ወፏ ግራጫ ትሆናለች፤ ፕላስ 0.7 እስከ ፕላስ 1 ስጠው። አንድ ወፍ ከውሃ ተነስታ ሰማይ እስክትደርስ ሁለቱም ስለሚፈራረቁ እኔ የማምነው ማኑዋልን ነው። ፀሐይ ያረፈበትን ላባ ለክቶ ቁጥሩን አንዴ መዝጋት ነው። ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ጀርባው ውሃም ይሁን ሰማይ ላባው ያው ነው።

ሹተር ከ1/1600 አይውረድ። ፎከስ ተከታታይ ላይ ይሁን።

አቋቋም ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ወፍ የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ነፋሱ ከጀርባህ እንዲነፍስ አድርገህ ከቆምክ ፔሊካኑ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ወደ አንተ እየመጣ ያርፋል። በተቃራኒው ከቆምክ ቀኑን ሙሉ የምታነሳው ጭራ ነው። በዚያ ላይ ፀሐይም ከኋላህ ከሆነች ከዚያ ቦታ አትነቃነቅ።

ዓሣውን ራሱን ለማንሳት፦ ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ብርማ ስለሆነ የጎን ብርሃን ቅርፊቱን አንድ በአንድ ያወጣዋል። አምባዛ ግን ጥቁርና ልሙጥ ነው፣ ፀሐይ ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ ጥላ ውስጥ አንሳው። ለሚበልተው እጅ 1/250 ይበቃል። ቢላዋ ከያዘ ሰው ብርሃን ፊት አትቁም፣ ሥራውን የሚያየው በእሱ ነው። መጀመሪያ ሰላም በል፣ "ላንሳ ወይ?" በል፣ ከዚያ ካሜራውን አውጣ። ፎቶውን በሚቀጥለው ሳምንት አትሞ የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አይከለክለውም።

እቴ_ጣና

እናመሰግናለን፣ ወንድሞቼ። እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችን ሳነሳ ነጠላው ወረቀት ይመስላል፣ ፊታቸው ደግሞ ይጠቁራል። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ነው። ምን ላድርግ?

ሠርክ_ብርሃን

እህት ዓለም፣ ችግሩ ስልኩ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው 6 ሰዓት ሳይሆን 6፡30 ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 13 አካባቢና በነሐሴ አጋማሽ፣ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ የዓይን ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ ጥላ ነው፣ ማንኛውም ካሜራ አያወጣውም። ስለዚህ ሰውየውን ማንቀሳቀስ ነው ያለብሽ።

ጥላ ፈልጊ፤ የማንጎ ዛፍ፣ የዋርካ፣ የበረንዳ። ጥላው መሐል ሳይሆን ጫፉ ላይ፣ ከፀሐዩ አንድ እርምጃ ገባ ብለው ይቁሙ፣ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ይሁን። ከውጭ ያለው ፀሐይ የመታው አስፋልት ወይም አሸዋ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሳል። ነጠላውም ራሱ ይረዳል፤ ደረት ላይ የተጣለው ነጭ ከታች ወደ አገጭ ያበራል። ዛፉ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ከሆነ ግን ፊት ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ያሳርፋል፣ እሱን ሽሺው።

አሁን ስልኩ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፤ የእጅ ቅባት ነጩን ነገር ጭጋግ ያለብሰዋል። ነጠላው ላይ ጣትሽን ጭነሽ ያዢ፣ ቁልፉ እስኪዘጋ። ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ታች ጎትቺ፤ የጥለቱ ቀለምና የፈትሉ መስመር እስኪታይሽ ድረስ። ፊቱ ትንሽ የጠቆረ ይመስልሻል፣ አትደንግጪ። ከዚያ በስናፕሲድ ወይም በላይትሩም ጥላውን ብቻ ከፍ ታደርጊዋለሽ። አንዴ የነጣ ነጭ ውስጡ ምንም መረጃ ስለሌለው አይመለስም፤ የጠቆረ ግን በልኩ ከሆነ ይመለሳል። ስልክሽ ራው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ በራው አንሺ፣ የሚመለሰው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ሰፊውን ሌንስ የሰው ፊት ለማንሳት አትጠቀሚበት፣ አፍንጫ ያሳድጋል። 2 እጥፉን መርጠሽ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በይ። 2 እጥፍ ሌንስ የሌለው ስልክ ከሆነ ዙም ሳታደርጊ አንስተሽ በኋላ ቁረጪው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ "እናቴ፣ ይፈቅዱልኛል?" ብሎ መጠየቅ ብርሃኑንም ያስተካክላል። የፈቀዱ ሰዎች ቆም ይላሉ፣ ወደ ጥላው ይጠጋሉ።

እቴ_ጣና

ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጠላውን ተጭኖ መዝጋቱን አላውቀውም ነበር።

ዓባይ_ማዶ

ስለ ሐይቁ ውሃ ሲነሳ ሁሉም "ፖላራይዘር ግዛ" ይላል፣ ሌንሱ ፊት የሚገጠመውን ነጸብራቅ ቀናሽ ማጣሪያ ማለት ነው፤ እኔ በከፊል አልስማማም። ፖላራይዘር ከውሃ ላይ ነጸብራቁን በደንብ የሚያጠፋው ውሃውን ከአግድሙ 37 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ስታይ ነው፤ ማለትም እግርህ አጠገብ፣ ድንጋዩና ሣሩ ያለበትን። ክብራን ደሴት ያለበትን ሩቅ ውሃ ስታይ ዓይንህ ከውሃው ጋር ሊጋጠም ምንም አይቀረውም፣ እዚያ ላይ ሥራው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ቡናማ ነው። ውሃውን ሰማያዊ የሚያስመስለው ላዩ ላይ ያረፈው ሰማይ ነው። ፖላራይዘሩን አዙረህ ሰማዩን ስታጠፋው የሚቀርህ ጭቃ ነው! ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የውሃ ፎቶ ላይ አውልቀው፣ ወይም ነጸብራቁ እስኪመለስ ድረስ አዙረው። ከ24 ሚሊሜትር በሚሰፋ ሌንስ ደግሞ ሰማዩን አንድ ቦታ ጥቁር፣ ሌላ ቦታ ነጣ ያደርገዋል።

የሚጠቅምበት ቦታ እርጥብ ቅጠል ነው። የዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ፣ ከዝናብ በኋላ፣ የቅጠሉን ነጭ ብልጭታ ሲያነሳው አረንጓዴው ይወጣል። እርጥብ ዓሣም ላይ እንዲሁ። ብቻ 2 ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበላል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፤ 1/500 የነበረው 1/125 ይሆናል፤ ጫካ ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም።

ጣናዳር

ዓባይ_ማዶ ያልከው ትክክል ነው፣ በተለይ የቡናማው ውሃ ነገር። በበጋው ላይ ግን ልጨምርበት። ከጥር እስከ መጋቢት አየሩ በአቧራና በጭስ ይሸፈናል፤ ረጅም ሌንስ ይዘህ ደሴቶቹን ስታነሳ ሁሉም ነገር ግራጫ ይሆናል። ፖላራይዘር ጥቂት ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ከአፈር የሚነሳው ሙቀትም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ ፎከስ ተበላሸ ብለህ ሌንሱን ትወቅሳለህ፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ሩቅ ነገር ያለው ፎቶ በመስከረም፣ ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ ነው የሚነሳው። በበጋ ቅርብ ቅርቡን ሥራ።

ለምሳሌ ዳር ላይ እንዲደርቅ የቆመ ታንኳ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ አውጥተው ያቆሙታል። ጎኑን ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ አድርገህ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቅረበው፤ የእያንዳንዱ አገዳ ክብ ጎን፣ ማሰሪያው የበላው ቦታ፣ ታችኛው በስብሶ የጠቆረው ጫፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በፉል ፍሬም ካሜራ (ምስል ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ የሆነ)፣ ኤፍ/8 ላይ ፎከሱን 2.4 ሜትር ላይ ብታደርገው ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማሱ ጥርት ይላል። ታንኳው ከፊት፣ ሐይቁ ከኋላ ሲሆን ይህን ቁጥር አስታውሱት።

ደጀ_ሰላም

ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ለሚሄዱ።

ጀልባ ላይ ክርንህን ጠርዙ ላይ አታሳርፍ፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመጣል። ክርንህን ወደ ጎንህ ሰብስበህ ወገብህን ልቅ አድርግ። ሹተር 1/500 ዝቅተኛው ነው፣ ረጅም ሌንስ ከሆነ 1/1000። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሳ መመለሻህን ከምሳ በፊት አድርግ፤ ማዕበሉ ሲነሳ ውሃ ከፊት ወደ ውስጥ ይረጫል፣ ሌንስ መቀየርም አይታሰብም። ጉማሬ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይታያል። ጀልባ ነጂው ከሚቆምበት ርቀት በላይ "ትንሽ ጠጋ በልልኝ" ማለት የለም፤ 300 ሚሊሜትር ካለህ ታነሳለህ፣ ከሌለህ በዓይንህ አይተህ ትመለሳለህ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ሥዕሉ ያለው የመቅደሱ አራት ግድግዳ ላይ ነው፤ አንተ የምትቆመው ክቡ መተላለፊያ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ልትርቅ አትችልም። በ16 ሚሊሜትር ሙሉውን ልያዝ ስትል የቅዱሳኑ አካል ጫፍ ጫፉ ላይ ይለጠጣል። ይልቅ በ35 ሚሊሜትር፣ ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገህ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በጎን እየተራመድክ ሦስት አራት አንሳና በኋላ አጋጥማቸው፤ እርስ በርሳቸው ሲሶ ያህል ይደራረቡ። አንድ ቦታ ቆመህ ካሜራውን ብቻ ብታዞር መስመሩ አይገጥምም።

ብርሃኑ በትልልቁ በር በኩል የሚገባው ብቻ ነው። ኤፍ/2.8 ወይም ኤፍ/4፣ 1/30፣ አይኤስኦ ከ1600 እስከ 3200። ከጫካው ተንጸባርቆ ስለሚገባ አረንጓዴ ይቀናዋል፤ ነጭ ወረቀት ግድግዳው አጠገብ ይዘህ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በእሱ አስተካክል። ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። ቀለሙን የሚጎዳው አንድ ብልጭታ ባይሆንም በየቀኑ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቢያበራስ? በዚያ ላይ ልሙጡ ቀለም ላይ ነጭ ክብ ያወጣል። መጋረጃ ያለበትን ሥዕል ራስህ አትግለጥ፣ አባን ጠይቅ። በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ አይወጣም። ጫማ ማውለቁን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወለሉ ላይ ትራይፖድ ማቆም ግን ብዙዎች የማይጠይቁት ነገር ነው፣ አስቀድመህ ጠይቅ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባ እህቶች ጉዞ ስታቅዱ ይህን አስቡበት።

የቀበሌው_ልጅ

ጥያቄ አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ሱቆቹ ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር አግድም መስመር ይወጣል። ውጭ ያለው ሸራ ሥር ደግሞ ሁሉም ሰው ሰማያዊ ነው። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

ቆረሶ

አልተበላሸም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲና ሸምበቆ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሹተርህ 1/320 ሲሆን ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ሳለ መብራቱ ይጠፋበታል፤ መስመሩ ያ ነው። 1/100 ወይም 1/50 አድርገው፣ ይጠፋል። ጸጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክ ሹተርም ዝጋውና በሜካኒካሉ አንሳ።

የሸራው ነገር፦ ሰማያዊ ሸራ ሥር ያለ ሰው ሙሉ በሙሉ ሸራው ሥር ከሆነ ዋይት ባላንስ ይመልሰዋል። ግማሽ ፊቱ ፀሐይ፣ ግማሹ ሸራ ከሆነ ግን አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይበላሻል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂድና ብርሃኑ አንድ ዓይነት የሆነበትን ማዕዘን ፈልግ። ብርቱካናማ ሸራ ከሰማያዊው ይሻላል፣ ቢያንስ ፊት የሞቀ ይመስላል።

በርበሬ ክምር ስታነሳ ደግሞ ተጠንቀቅ። ዋናው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ሆኖ ሳለ ቀዩ ብቻውን ሞልቶ ይፈሳል፤ ውጤቱ መልክ የሌለው ቀይ ቀለም ነው፣ የዛላው መጨማደድና ፍሬው ይጠፋል። ካሜራህ ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳይ ሂስቶግራም ካለው እሱን ክፈት። ከሌለው ማይነስ 0.7 ስጠው።

ሠርክ_ብርሃን

ባጃጅ ላይ ማንም አልጻፈም፣ እኔ ልጻፍ። እየሄደ ያለውን ባጃጅ ጥርት አድርጎ ዘንባባውን በመስመር መሳብ የሚቻለው በ1/30 ነው። ችግሩ ግን በቀትር ፀሐይ አይኤስኦ 100 ላይ ኤፍ/16 ብትዘጋው እንኳ 1/100 አካባቢ ነው የምታገኘው፤ 1/30 ብታደርገው ነጭ ይሆናል። እዚህ ላይ ዓባይ_ማዶ የተቸው ፖላራይዘር ይጠቅማል፣ 2 ስቶፑን በልቶ 1/25 ላይ ያወርድሃል። አለበለዚያ ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ጠብቅ።

ከመንገዱ 8 ወይም 10 ሜትር ርቀህ በ50 ሚሊሜትር ቁም። እግርህ ባጃጁ አንተ ፊት ለፊት ወደሚደርስበት ቦታ ይዙር፤ ወገብህን ብቻ ጠምዘዝ አድርገህ ከሩቅ ተቀበለው፣ አጅበው፣ በተከታታይ አንሳ፣ ካለፈም በኋላ አጅበው። ብዙ ሰው ሹተሩን ሲጫን እጁን ያቆማል፤ ፎቶው የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። ፎከሱን የነጂው ፊት ላይ አድርገው። ከአሥሩ አንዱ ቢወጣ ጥሩ ነው። ለብስክሌት 1/20 ይበቃል።

ዓባይ_ማዶ

ስለ ድልድዩና ስለ ቤዛዊት ኮረብታ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው።

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ማታ መብራቱ ውሃው ላይ ያርፋል። የሚነሳው ሰማዩ ፍጹም ሳይጠቁር፣ ፀሐይ ከገባች ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ትራይፖድ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ/8፣ ከ8 እስከ 15 ሰከንድ። መብራቱ ኮከብ እንዲያወጣ ከፈለግህ ኤፍ/13። ሹተሩን በ2 ሰከንድ ታይመር ጫን፣ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ። የድልድዩ ወለል ላይ ትራይፖድ አትትከል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ረጅሙ ፎቶ ይደበዝዛል፣ እግረኛም ትዘጋለህ። ከዳር ሆነህ አንሳው።

ድልድይና መንግሥታዊ ሕንፃ አካባቢ ጥበቃ ካለ ቀድመህ ሄደህ ሰላም በልና ጠይቅ። "አይቻልም" ከተባልክ አይቻልም፣ መከራከር ትርፍ የለውም። ቤዛዊት ላይ ቤተ መንግሥቱን አታንሳ፣ ወደ ዓባይና ወደ ከተማው ዙር። ኮረብታው ከከተማዋ በምሥራቅ በኩል፣ ዓባይ ማዶ ስለሆነ ከተማው የሚበራልህ ጠዋት ነው፤ ማታ ብትወጣ ፀሐይ ዓይንህ ውስጥ ናት፣ ከተማው ጥቁር ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ደግሞ ዕቃውንም ራስህንም የሚያስይዝ ነው።

ደጀ_ሰላም

ጢስ ዓባይን በአጭሩ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በዚያም በኩል ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው ክር ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። መስከረምና ጥቅምት ሂድ።

ቀስተ ደመናውን ለማግኘት ፀሐይ ከጀርባህ፣ ጥላህ ወደ ጢሱ መዘርጋት አለበት፤ ቀስቱ ከጥላህ ጭንቅላት 42 ዲግሪ ርቆ ነው የሚወጣው። በሜዳ ላይ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች፣ ማለትም ከጠዋቱ 3፡20 ገደማ በኋላ፣ አይታይም ነበር። እዚያ ግን ከፍ ብለህ ወደ ታች ስለምታይ ትንሽ ይቆይልሃል። ፖላራይዘር ካለህ ቀስ ብለህ አዙረው፤ አንደኛው አቅጣጫ ቀስተ ደመናውን ያደምቀዋል፣ ሌላው ድራሹን ያጠፋዋል።

ውሃውን እንደ ጥጥ የሚያደርጉት ሰዎች 8 ሰከንድ ይተዉታል፣ የጢስ ዓባይ ኃይል በዚያ ይጠፋል። 1/4 ሰከንድ ይበቃል፤ ውሃው ይለሰልሳል፣ ክብደቱ ግን ይታያል። ደመናማ ቀን ኤፍ/11 ላይ 1/30 ካለህ የ3 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) እዚያው ያደርስሃል። ርጭቱ ሌንሱን በሰከንዶች ይሸፍነዋል፤ ካሜራውን ወደ መሬት ደፍተህ ጠብቅ፣ ጥረግ፣ አዙር፣ አንሳ፣ ድፋ። ደረቅ ጨርቅ ሁለት ሦስት ይኑርህ፣ አንዱ ከረጠበ በኋላ የሚያደርገው መለቅለቅ ነው።

የቀበሌው_ልጅ

1/100 ሠርቷል፣ መስመሩ ጠፋ! ሌላ ጥያቄ፤ ሰማይ ያለበት ፎቶ ሁሉ ላይ አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሌንሱን ጠርጌዋለሁ።

ጣናዳር

ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፣ ሌንሱ አይደለም። ኤፍ/16 አድርገህ ንጹሕ ሰማይ አንሳ፤ ነጠብጣቡ ከጠራ፣ ኤፍ/4 ላይ ደግሞ ከጠፋ፣ አቧራ መሆኑ ተረጋገጠ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ከሜኑው የሴንሰር ማጽጃውን ምረጥ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት አድርገህ በጎማው ብሎወር ብቻ ንፋ። በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ ይቀራል፤ እሱን ለማስለቀቅ ከአቧራው ይበልጥ ትቸገራለህ። ጨርቅ አታስገባ።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌንስ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ አይደር። እርጥበቱን ይዞ መስታወቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። አጥብቆ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሲሊካ ጄል ጨምረህ አስቀምጠው፤ ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት አድርቀህ መልሰው። ሩዝ አትጠቀም፣ ዱቄቱ የዙሙ ቀለበት ውስጥ ይገባል።

እቴ_ጣና

የመጨረሻ ጥያቄ። የአክስቴ ልጅ ለቅዳሜ ካሜራ ያውሰኛል፣ ሌንስ ግን አንድ ብቻ ምረጪ ብሎኛል፤ 35 ወይም 70–200። ጠዋት ዓሣ ማውረጃው፣ ከዚያ ገበያው ነው ሐሳቤ።

ቆረሶ

35ቱን ውሰጂ። ፔሊካኖቹ ለዓሣው ብለው በጣም ስለሚጠጉ በ35 ሰውየውንም፣ ወፏንም፣ ሐይቁንም አንድ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። በረራውን ለሌላ ቀን ተዪው። ገበያ ውስጥ ደግሞ 70–200 ይዘሽ ወደ ኋላ የምትርቂበት ቦታ የለም። ከ12፡30 በፊት ዳሩ ላይ ሁኚ፣ ከ3 ሰዓት በፊት ወደ ገበያው እለፊ፣ ሸራው ሥር ስትገቢ ሹተሩን 1/100 ላይ አድርጊው። ባትሪውን አርብ ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በጊዜ ሰኪው።